የመሬት መዝገብ አጠባበቅ በኢትዮጵያ ታሪክ፤ ከብራና ኅዳግ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት

መግቢያ

መሬት የኑሮ መሠረት በሆነበት አገር፣ መሬቱን ማን እንደ ያዘው፣ ከማን እንዳገኘውና ድንበሩ እስከ የት እንደሚደርስ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከመንግሥት ሥራዎች ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ተጽፏል። ርስትና ጉልት፣ ገባርና ባላባት፣ ጭሰኛና ባለመሬት በታሪክ መጻሕፍትም ሆነ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የታወቁ ቃላት ናቸው። ስለ መዝገቡ ግን፣ ይኸውም መብቱ ስለ ሰፈረበት ጽሑፍ፣ ጽሑፉን ስለሚጠብቀው ጽሕፈት ቤትና ለውጡን በየጊዜው ስለሚያገባው ጸሐፊ የተነገረው ጥቂት ነው።

አንድ የመሬት መዝገብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠይቃል። አንደኛው መሬቱን ለክቶ፣ ባለይዞታውን ለይቶ መዝገቡን ማቋቋም ነው። ሁለተኛው ባለይዞታው በሞተ፣ ትዳሩን በፈታ፣ መሬቱን በስጦታ ባስተላለፈ ወይም ከወንድምና ከእኅት ጋር በተካፈለ ቁጥር መዝገቡን ማረም ነው። የመጀመሪያው ሥራ በአንድ ዘመቻ ሊፈጸም ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ማብቂያ የለውም። የአገሪቱ የመሬት መዛግብት ታሪክ ሲመረመር፣ መዝገብ ማቋቋም በተደጋጋሚ እንደ ተሳካ፣ መዝገብ መጠበቅ ግን በተደጋጋሚ እንደ ተጓደለ ይታያል። ከዚህ በታች የቀረበው ሐተታ የዚህን ምክንያት በአምስት ዘመናት ተከታትሎ ለመመርመር ይሞክራል።

1. የብራናው መዝገብ

ዘመናዊ መሥሪያ ቤቶች ከመቋቋማቸው በፊት የመዝገብ ቤትን ሥራ ስታከናውን የኖረችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ነገሥታት ለገዳማትና ለአድባራት የሰጡት ጉልት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስና የደብረ ሊባኖስ ዘሽመዛና ወንጌሎች በዚህ ረገድ በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቁ ምንጮች ናቸው። ለዚህ ተግባር ወንጌል የተመረጠበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት በጥንቃቄ ስለሚቀመጥ በላዩ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠበቃል፤ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሰፈረውን ቃል መፋቅ ደግሞ ግዝት ስላለበት የሚደፍረው ሰው ጥቂት ነው።

በጎንደር ዘመን፣ በተለይም ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ ይህ ልማድ ከንጉሥ ስጦታ አልፎ ወደ ግለሰቦች ጉዳይ ተስፋፋ። በጎንደር አድባራት፣ ከእነዚህም መካከል እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም፣ የመሬት ሽያጭ፣ ውርስ፣ ስጦታና ክርክር በመዝገብ ይሰፍር ጀመር። የጽሑፎቹ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የሻጩና የገዢው ስም፣ የመሬቱ ስም፣ ዋጋው፣ በዚያን ጊዜ በሹመት ላይ የነበሩት ባለሥልጣኖች፣ በመጨረሻም የምስክሮቹ ስም ዝርዝር ይገኝባቸዋል። ሴቶችም በሻጭነት፣ በገዢነትና በወራሽነት በብዛት ይጠቀሳሉ። በመሆኑም እነዚህ መዛግብት የዛሬ ተመራማሪ ስለ ጎንደር ዘመን የሴቶች የንብረት መብት ለማወቅ ከሚጠቀምባቸው ዋና ዋና ምንጮች መካከል ይቆጠራሉ።

በዚህ መዝገብ ዘንድ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መዝገቡን ሕያው ያደረገው የሹም ትእዛዝ ብቻ አልነበረም፤ ገዢው ራሱ ነገ ከነገ ወዲያ የሻጩ ዘመዶች ተነሥተው እንዳይከራከሩት በመስጋት ውሉን ለማስጻፍ ወደ ደብሩ ይሄድ ነበር። ጸሐፊው ቅርብ ነው፤ ምስክሮቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ጽሑፉም በክርክር ጊዜ ይጠቅማል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። መዝገቡ በአብዛኛው የመኳንንቱንና የካህናቱን መሬት እንጂ የተራውን ገበሬ ማሳ አይነካም። ካርታም ሆነ የስፋት ልክ የለውም፤ መሬቱ የሚታወቀው በስሙ ብቻ ነው። ጽሑፎቹም ባዶ ቦታ በተገኘበት ገጽ ሁሉ ስለ ተበተኑ አንዱን ጉዳይ ለማግኘት መጽሐፉን በሙሉ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

2. ቀላድና የግብር መዝገብ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ሌላ ዓይነት መዝገብ ተፈጠረ። በሸዋና በተለይም በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል መሬት ቀላድ በተባለው ገመድ እየተለካ በጋሻ ተከፋፈለ። አንድ ጋሻ በአማካይ 40 ሄክታር ያህል ነው። ከተለካው መሬት ከፊሉ ለመንግሥት፣ ከፊሉ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና ለወታደሮች ሲመደብ፣ በብዙ ቦታ ሲሶው ለአካባቢው ባላባት ይተው ነበር። በዚህ አኳኋን መሬቱን በትውልድ ይዞ የኖረው ሕዝብ ብዙው ክፍል ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። ስለዚህ ቀላድ የሚለው ቃል በገበሬው አንደበት የመለኪያ ስም ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ መሬትን የማጣት ምልክትም ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተቋቋመው አስተዳደር ግብርን በገንዘብ ለመሰብሰብ የቀላዱን ልክ መነሻ አደረገ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ደረጃ በመክፈል ለአንድ ጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ወሰነ፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 70 ደግሞ ሥርዓቱን አሻሻለ። በየወረዳው ግምጃ ቤት የተከፈተው መዝገብ የከፋዩን ስም፣ የጋሻውን ብዛትና የመሬቱን ደረጃ ያሳይ ነበር። የይዞታ ማረጋገጫ ባልነበረበት ጊዜ ሰው ሁሉ በእጁ የነበረው የግብር ደረሰኝ ስለ ነበር ደረሰኙ ቀስ በቀስ የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ በፍርድ ቤት ይቀርብ ጀመር።

ለግብር የተሠራ መዝገብ ለመብት ማስረጃነት ሲውል ችግሩ ወዲያው ይታያል። ግምጃ ቤቱ የሚፈልገው ገንዘቡ በወቅቱ መግባቱን ነው። አባት ሞቶ ልጆቹ በአባታቸው ስም ግብሩን ቢከፍሉ ለገንዘብ ተቀባዩ የሚጎድልበት የለም፤ ደረሰኙም በሟቹ ስም ይቆረጣል። ከሁለት ትውልድ በኋላ የልጅ ልጆች ሲካሰሱ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ደረሰኝ የሚናገረው ስለ አያታቸው ብቻ ነው። መዝገቡ ጠፍቶ አይደለም፤ ያልታረመ ስለ ሆነ ነው እንጂ።

በሰሜኑ የርስት አገር ደግሞ ገበሬው መዝገቡን ከሥር ጀምሮ ተቃወመ። በጎጃም በ1940ዎቹ መጀመሪያ መሬት ለመለካት የተደረገው ሙከራ ተቃውሞ ገጠመው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን በሥራ ላይ ለማዋል ገማቾች በተሠማሩ ጊዜም በዚያው ጠቅላይ ግዛት የገበሬዎች ዐመፅ ተነሣ። ገበሬው የሚፈራው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ በደቡብ የሆነውን ሰምቶ ስለ ነበር፣ መሬቱ ከተለካና ስሙ ከተጻፈ ርስቱ ይነጠቃል ብሎ ያምን ነበር። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ባለይዞታው መዝገቡን የሌላ ሰው መሣሪያ አድርጎ ካየው ለውጡን ለማስመዝገብ ቀርቶ ስሙን ለመናገርም ፈቃደኛ እንደማይሆን ነው።

3. በሕግ የተጻፈና ያልተከፈተ መዝገብ

ከላይ የታየውን ጉድለት ለማቃለል በሕግ በኩል የተደረገው ሙከራ ትልቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1553 እስከ 1646 ድረስ ስለ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ በዝርዝር ይደነግጋል። መዝገቡ እንዴት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ለውጥ እንዴት እንደሚገባበትና መዝጋቢው ለስሕተቱ እንዴት እንደሚጠየቅ በሚገባ ተጽፏል። ይኸው ሕግ በሌላ ክፍሉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው ይላል።

ይሁን እንጂ በሕጉ መጨረሻ የሚገኘው ቁጥር 3363 የመዝገቡ ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪወሰን ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውሉ አደረገ። ትእዛዙ ሳይወጣ ቀረ። በመሆኑም ሕጉ በአንድ በኩል መዝገብን ግዴታ ሲያደርግ፣ በሌላ በኩል መዝገቡ ራሱ ሳይከፈት ዓመታት አለፉ። በከተማ፣ በተለይም በ1900 ዓ.ም. የግል ይዞታን የሚፈቅድ ደንብ በወጣላት በአዲስ አበባ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን የቦታ ፋይልና የባለቤትነት ማስረጃ ይይዝ ነበር። በገጠሩ ግን የድሮው ልማድና የግብር ደረሰኙ እንደ ነበሩ ቀጠሉ።

ትእዛዙ የዘገየበት ምክንያት ከሥራው ክብደት ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛው የገጠር መሬት በካርታ አልተነሣም፤ የሠለጠኑ ቀያሾችና መዝጋቢዎችም አልነበሩም። ከዚህም በላይ ሰፊ መሬት የያዙት ወገኖች ይዞታቸው በግልጽ እንዲታወቅ ጉጉት አልነበራቸውም። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ሲቋቋም በየጠቅላይ ግዛቱ የመሬት ይዞታ ጥናት አካሂዶ ሪፖርቶችን አውጥቷል። ጥናቶቹ የጭሰኛውን ብዛትና ከመሬታቸው ርቀው የሚኖሩትን ባለመሬቶች ሁኔታ በማሳየት ለተመራማሪዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሙ ሰነዶች ናቸው። የሚያሳዝነው ግን የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረቡት የሕግ ረቂቆች በፓርላማው ሳይጸድቁ መቅረታቸው ነው። ሚኒስቴሩ መረጃ ሰበሰበ እንጂ መዝገብ አላቋቋመም።

4. የገበሬ ማኅበራት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲወጣ የቀድሞው መዝገብ ሁሉ መሠረቱ ተናጋ። የግል ባለቤትነት ስለ ተሻረ የግብር ደረሰኙም ሆነ የቀላዱ ጽሑፍ መብትን ማስረዳታቸው ቀረ። አዋጁ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ በሚሸፍን ክልል የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋምና መሬቱን እንዲያከፋፍል አዘዘ። በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር የተሠማሩት ተማሪዎችና መምህራን ማኅበራቱን በማደራጀት ሥራ ላይ ተካፍለዋል።

በዚህ ጊዜ መዝገቡ ወደ ገበሬው እጅግ ቀረበ። ከዚያ በፊት በአውራጃና በወረዳ ይገኝ የነበረው ሥልጣን ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ወረደ። የአባላት ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና የተሰጣቸው መሬት በማኅበሩ ደብተር ይጻፍ ነበር። ቅርበቱ ጥቅም ነበረው፤ ነገር ግን ደብተሩ በአብዛኛው አንድ ቅጂ ብቻ ስለ ነበረው ጸሐፊው ሲለወጥ ወይም ደብተሩ ሲጠፋ የሚተካው አልነበረም። መሬቱም የቤተሰብ ብዛት ሲለወጥ በየጊዜው ይሸጋሸግ ስለ ነበር፣ ትናንት የተጻፈው ዛሬ ዋጋ ያጣል፤ ገበሬውም የዘንድሮ ማሳው ለከርሞ የእርሱ ስለ መሆኑ እርግጠኛ አይሆንም።

ሌላው ጉድለት የሴቶችን መብት ይመለከታል። አዋጁ በጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬቱን ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደንግጓል። በተግባር ግን በደብተሩ ላይ በአብዛኛው የሚጻፈው የቤተሰቡ አባወራ ስም ነበር። በመሆኑም ሚስት በትዳሯ ሳለች በመዝገቡ የማትታይ ስለ ነበረች፣ ባሏ ሲሞት ወይም ስትፈታ መብቷን የምታረጋግጠው በጽሑፍ ሳይሆን በማኅበሩ መሪዎች በጎ ፈቃድ ነበር። ሕጉ የሰጠውን መብት የመዝገቡ አሞላል እንዴት ሊያጠበው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

5. የይዞታ ደብተር

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዲቀጥል ሲያደርግ፣ በ1989 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 89 የገጠር መሬት አስተዳደርን ለክልሎች ሰጠ። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተካሄደ። በገበሬው ዘንድ የቀረው ሥጋት ቀጥሎ ለመጣው የምዝገባ ሥራ አንዱ መነሻ ነበር። የትግራይ ክልል ቀድሞ በ1990 እና በ1991 ዓ.ም. የይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ጀመረ። የአማራ ክልል ደግሞ በጎዛምንና በደሴ ዙሪያ ወረዳዎች ከተደረገ ሙከራ በኋላ ሥራውን በስፋት ተያያዘው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ምዝገባን በመላ አገሪቱ በሕግ አጸና፤ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 እስኪተካው ድረስም አገልግሏል።

የመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ቀላልና ርካሽ ነበር። በቀበሌው የተመረጡ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላት ከባለይዞታውና ከአዋሳኞቹ ጋር ማሳው ላይ ቆመው ድንበሩን ያረጋግጣሉ። ስፋቱ በገመድ፣ በሜትር ወይም እንደ ጥማድ ባለ የአካባቢ መለኪያ ይገመታል፤ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ይጻፋል። ዋናው መዝገብ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲቀመጥ ባለይዞታው ደብተር ይቀበላል። በአማራ ክልል ደብተሩ የባልንና የሚስትን ስም ከፎቶግራፋቸው ጋር እንዲይዝ መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በማኅበሩ ደብተር ሳትታይ የኖረችው ሚስት አሁን በስሟም በመልኳም ታየች። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ማረጋገጫ ያገኙ ገበሬዎች አፈርና ውኃ በመጠበቅ ሥራ ላይ ይበልጥ እንደ ደከሙ፣ በሴቶች የሚመሩ ቤተሰቦችም መሬታቸውን ያለ ሥጋት ለማከራየት እንደ ደፈሩ ያመለክታሉ።

ሆኖም የጥንቱ ችግር በአዲስ መልክ ተመለሰ። ደብተሩ ከተሰጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውርስ፣ ፍችና ስጦታ ብዙ ይዞታዎችን ለወጡ፤ የወረዳው መዝገብ ግን በብዙ ስፍራ እንደ ተከፈተበት ቀን ቀረ። አዋሳኞቹ በስም ብቻ ስለ ተጻፉ፣ አንዱ ጎረቤት ሲሞትና መሬቱ ለሌላ ሲተላለፍ የአካባቢው ደብተሮች ሁሉ በአንድነት ያረጃሉ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ይህን ለማረም ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የማሳውን ወሰን በማስመር ለእያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥርና ካርታ ሰጥቷል። በዚህ መንገድ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ማሳዎች ተመዝግበዋል፤ በርካታ ወረዳዎችም መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር አዛውረዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተካሄደው ጦርነት የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ከነሰነዶቻቸው መጎዳታቸው፣ መዝገብ ከአንድ ቤት በላይ ቅጂ ሊኖረው እንደሚገባ በመራራ ሁኔታ አሳይቷል።

ማጠቃለያ

ከአምስቱ ዘመናት ታሪክ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ መዝገብ የሚታረመው ባለይዞታው ጥቅሙን ሲያውቅ ነው፤ የጎንደሩ ገዢ ወደ ደብሩ የሄደው፣ የጎጃሙ ገበሬ ደግሞ ከገማቹ የሸሸው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ መዝጋቢው ቅርብ፣ ክፍያው ቀላል፣ ሥርዓቱም ግልጽ መሆን አለበት፤ አንድ ማሳ ለሦስት ወራሾች ሲከፈል ለማስመዝገብ የሚፈጀው ጊዜና ገንዘብ ከማሳው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ከባድ ከሆነ፣ ወራሾቹ በቃል ተስማምተው ይቀራሉ፤ ጉዳዩም ለልጆቻቸው ክርክር ሆኖ ይተርፋል። ሦስተኛ፣ ቅርበት ብቻውን አይበቃም፤ የገበሬ ማኅበሩ ደብተር እንዳሳየው፣ ቅጂና ተቆጣጣሪ የሌለው መዝገብ በአንድ ሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ይህ ማለት የሥራው መለኪያ መለወጥ አለበት ማለት ነው። የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ብዛት የሚያሳየው የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ነው። የመዝገቡን ጤንነት የሚያሳየው በአንድ ወረዳ በዓመት ውስጥ ከተከሠተው ሞት፣ ፍችና ስጦታ ውስጥ ምን ያህሉ በመዝገቡ ላይ እንደ ሰፈረ የሚገልጸው ቁጥር ነው። በጀትም ሲመደብ ለመለካት ብቻ ሳይሆን ለቋሚው መዝጋቢ ደመወዝ፣ ለወረቀት፣ ለኤሌክትሪክና ለመጠባበቂያ ቅጂ መታሰብ ይኖርበታል። የትምህርት ቤቶች ቦታም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ ወሰኑ በመዝገብ ያልጸና የትምህርት ቤት ግቢ በየጊዜው እየተቆረሰ ሊያንስ ስለሚችል፣ አዲስ ክፍል ለመሥራት ከመታቀዱ በፊት የይዞታው ማስረጃ መመርመር አለበት።

የመምህራን ድርሻ ከዚህ አያንስም። የይዞታ ደብተር በብዙ የገጠር ቤት ከሚገኙት ጥቂት መንግሥታዊ ጽሑፎች አንዱ ነው፤ ሆኖም ቤተሰቡ የሚያስቀምጠው እንጂ የሚያነበው አይደለም። በሒሳብ ትምህርት ጥማድን ወደ ሄክታር መለወጥና የማሳን ስፋት ማስላት፣ በኅብረተሰብ ትምህርት የአዋሳኝን፣ የውርስንና የባልና ሚስትን የጋራ መብት ትርጉም ማስረዳት፣ ተማሪው ወላጆቹ የያዙትን ደብተር እንዲያነብና ያልታረመ ነገር ቢኖርበት እንዲያስታውስ ያስችለዋል። አባቱ በሞተ ማግሥት ወደ ወረዳው ሄዶ ለውጡን የሚያስመዘግብ ወጣት ሲበዛ፣ የመዝጋቢው ሥራ ከዘመቻ ወደ ልማድ ይለወጣል። የብራናው መዝገብ በዘመኑ ሕያው ሆኖ የኖረው በእንዲህ ያለ ልማድ ነበር፤ የዛሬውም ከዚህ የተለየ ዋስትና የለውም።